ደምበጫ ደጅ ላይ የቆሙት፦ ከአጥቂና ከተከላካይ ማን ይበልጣል?

የካቲት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ሐሙስ ነው። ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደምበጫ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር፣ እንግሊዞች በጦር ዘገባቸው «ቻራካ» ብለው በመዘገቡት ወንዝ አጠገብ ጥቂት መቶ ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ሰፍረዋል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ይባላሉ። ከኋላቸው የደምበጫ ምሽግ አለ፤ ጣሊያን ገና አልለቀቀውም። ከፊታቸው ደግሞ ከቡሬ የተነሣው የኮሎኔል ናታሌ ጦር መድፉን፣ ፈረሰኛውን፣ ብረት ለበስ መኪናውንና ጓዙን ይዞ እየመጣባቸው ነው። ብዙ ሺህ ሰው ነው።

እነዚህ ጥቂት መቶ ሰዎች ጎጃምን ነጻ ሊያወጣ ከሱዳን የገባው የአጥቂው ጦር አካል ናቸው። በዚያች ማለዳ ግን የደረሰባቸው ሥራ መቆም ነበር። ምሽግ ለምሽግ ተከልሎ ሲከላከል የከረመው ጣሊያን ደግሞ በዚያች ማለዳ አጥቂ ሆነ፤ መንገዱን ሰብሮ ካላለፈ ማለቁ ነውና።

ይህችን ማለዳ የመረጥኩት በአንድ አሮጌ ክርክር ምክንያት ነው። ከሚያጠቃና ከሚከላከል የማን ዋጋ ይበልጣል? ኳስ ሜዳ ላይ ይጠየቃል፤ ቡና ላይ ይጠየቃል፤ ጦርነት ባለበት አገር ደግሞ ጥያቄው የሰው ሕይወት ነው። መልሱን ብዙዎቻችን ሳናስብ እንሰጣለን፦ አጥቂው። ዘፈኑም፣ ሽለላውም፣ ሐውልቱም ለእሱ ነው። የደምበጫ ታሪክ ግን ይህን ቸኩሎ የሚሰጥ መልስ ያስቆመዋል።

*ስሙና ሥራው ሲለያዩ*

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የዚያን አገር እግር ኳስ መጀመሪያ ሲያዩ ግር የሚላቸው ነገር አለ። ስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ነው የሚሄደው። ከዚያ የሚብሰው ግን የመስመሮቹ ነገር ነው። በእያንዳንዱ ወገን 11 ሰው ይሰለፋል። ኳሱን የያዘው ወገን ከፊት አምስት ግዙፍ ሰዎችን ይደረድራል፤ «አጥቂ መስመር» ይባላሉ። እነዚህ «አጥቂዎች» ግን እንደ ደንቡ ወደፊት የተወረወረ ኳስ እንኳ መቅለብ አይፈቀድላቸውም። ሥራቸው ኳስ አከፋፋዩን፣ ኳርተርባክ የሚሉትን፣ ከኋላቸው አድርገው የሚመጣባቸውን ሁሉ መግታት ነው። ከፊታቸው የቆመው መስመር ደግሞ «ተከላካይ» ተብሎ ሥራው ዘሎ መግባት፣ ሰብሮ ማለፍና ኳስ አከፋፋዩን መሬት ላይ መጣል ነው።

እንግዲህ አጥቂ የተባለው ይከላከላል፤ ተከላካይ የተባለው ያጠቃል። ክብሩ ወዴት እንደሄደ ስናይ ግን ስም አላታለለውም፤ ሮጦ ወደሚገባው ሄዷል። ኳስ አከፋፋዩን መሬት ላይ የጣለ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በይፋ ይቆጠርለታል። እንዳይጣል ያደረገው ሰው ግን ይህን የሚመስል ቁጥር የለውም፤ ያልሆነን ነገር ማን ይቆጥራል? በዚያ አገር የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚባለው ሽልማት እ.ኤ.አ. በ1971 ለተከላካይ መስመሩ ሰው ለአላን ፔጅ ተሰጥቷል። ከአጥቂ መስመር አምስቱ ግን እስከ ዛሬ አንድም ሰው አላገኘውም።

የእነዚህ ሰዎች ዋጋ በሰፊው የታወቀው ጥበቃው ሲፈርስ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1985 ሎረንስ ቴይለር የተባለው አጥቂ-ተከላካይ የዋሽንግተኑን ኳስ አከፋፋይ ጆ ታይዝማንን ሲጥለው እግሩ ተሰበረ፤ አገር በቴሌቪዥን እያየ። የሰውየው የጨዋታ ዘመን በዚያች ሌሊት አበቃ። ጸሐፊው ማይክል ሉዊስ ከዓመታት በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የግራውን ጠባቂ ዋጋ ለማስረዳት የጀመረው ከዚህች ቅጽበት ነው። አጥር ዋጋው የሚታወቀው ጅብ የገባ ቀን ነው እንደማለት ነው።

*አባቶቻችን ለየትኛው ምን ሰጡ?*

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የማዕረግ ስሞቻችን ራሳቸው የሰልፍ ቦታ ስሞች ናቸው። ፊታውራሪ ከፊት የሚመራው ነው። ቀኛዝማች ቀኙን፣ ግራዝማች ግራውን ይይዛል። ባላምባራስ አምባ ይጠብቃል። ደጃዝማች ደግሞ የደጅ አዝማች ነው፤ የንጉሡን ድንኳን ደጅ ይዞ የሚዋጋ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ቀድሞ የሚገባው ፊታውራሪ ከደጃዝማች በታች ነው። ደጁን የሚይዘው ይበልጣል። የጥንቱ ሰው ፊት ላይ ያለው ቢሰበር ጦሩ እንደሚሸሽ፣ ደጁ ቢሰበር ግን መንግሥት እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር። ሆኖም ያው ሥርዓት አምባ ጠባቂውን ባላምባራስን ከታች አስቀምጦታል። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው፦ ክብሩ የመጣው ከመከላከልም ከማጥቃትም ሳይሆን ከሚጠበቀው ነገር ክብደት ነው። ኋላ ማዕረጎቹ ከሰልፍ ቦታቸው ተለይተው የሹመት ስም ብቻ ሆኑ፤ ትርጉማቸውን ግን ቋንቋው እስከ ዛሬ ይዞታል።

ዐድዋንም በዚህ ዓይን ማየት ይቻላል። ባራቲየሪ የካቲት 22 ሌሊት ጦሩን ያንቀሳቀሰው ወደፊት ሄዶ ኮረብታዎቹን ይዞ ለመጠበቅ ነበር፤ ኢትዮጵያውያን እንዲያጠቁትና በመድፉ እንዲመታቸው። አምዶቹ በጨለማ ተለያዩና አንዱ ሌላውን መርዳት በማይችልበት ቦታ ተገኙ። ተከላካይ ለመሆን የወጣው ሰው በየካቲት 23 ማለዳ ተራ በተራ ተበላ። ከ40 ዓመት በኋላ በማይጨው ነገሩ ተገለበጠ፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 የተመሸገውን ጣሊያን ያጠቃው የእኛ ጦር ነበር፤ ድፍረቱ ሳያንሰው ከምሽጉ ፊት ተመለሰ። የፕሩሲያው የጦር ሊቅ ክላውሰቪትስ መከላከል ከማጥቃት የጠነከረ የጦርነት ዓይነት ነው፣ ዓላማው ግን ያለውን ከማቆየት አያልፍም የሚል ሐሳብ አለው። ዐድዋና ማይጨው ሁለቱም ያስረዱለታል።

ታዲያ ምሽግ፣ መድፍና ብዛት የነበረው ጣሊያን በ1933 ጎጃምን ለምን አልያዘም?

*ምሽጉ ማንን ጠበቀ?*

መልሱ ከ1933 በፊት ይጀምራል። በ1930 ዓ.ም. ጎጃም በሰፊው ተነሣ። ጣሊያን ብዙ ጦርና አውሮፕላን አሰልፎ ዐመፁን ደፈጠጠ፤ ገጠሩን ግን አልገዛም። የቀረው ነገር በመንገዱ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተሰካ የምሽግ ሰንሰለት ነበር፦ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ቀን ከምሽጉ ወጥቶ መንገድ ይጠብቃል፤ ሲመሽ ይገባል። ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር የደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ የደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ የልጅ ኃይሉ በለው፣ የበላይ ዘለቀና የሌሎች ብዙ አርበኞች ነበር።

እዚህ ላይ ማን አጥቂ፣ ማን ተከላካይ እንደሆነ ለመለየት ሞክሩ። አርበኛው አገሩን ይከላከላል፤ ሥራው ግን ማድፈጥ፣ መንገድ መቁረጥ፣ ጓዝ መቀማት ነው። ጣሊያኑ ወራሪ ነው፤ ኑሮው ግን ግንብ ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ሆኗል። አርበኛው ምሽግ የለውም፤ ገበሬው ያበላዋል፤ እረኛው ወሬ ያመጣለታል፤ ቆስሎ ቢገባ የሚደብቀው ቤት አለ። ጣሊያኑ ግንብ አለው፤ ከግንቡ ማዶ ግን የሚያምነው ሰው የለውም። ሰው ባልከበበው አገር ምሽግ ጋሻ ነው። ሕዝብ በከበበው አገር ምሽግ እስር ቤት ነው።

አርበኞቹን ያለ ነቀፋ ላቅርባቸው አልልም። በመካከላቸው ቅናትና ቂም ነበር፤ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ ራሳቸው ተቀናቃኞች ነበሩ። በነሐሴ 1932 ከሱዳን የገባው የኮሎኔል ሳንድፎርድ ተልዕኮ፣ «ሚሽን 101» የተባለው፣ ከሠራቸው ሥራዎች አንዱ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማስማማት ነበር። እርስ በርሳቸው እየተጎሻሸሙም ቢሆን ግን አምስት ዓመት ቆዩ። ቁጥር የሌለው ሥራ ማለት ይህ ነው። አምስት ዓመት ያልተገዛ ገጠር በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል?

*ጌዴዎን ቡሬ ሲደርስ*

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኡም ኢድላ ላይ ድንበሩን ተሻግረው ገቡ፤ ጥር መጨረሻ ላይ በላያ ተራራ ደረሱ። አብሯቸው የገባውን ጦር የሚመራው ኦርድ ዊንጌት ጦሩን በመጽሐፈ መሳፍንት ባለው በጌዴዎን ስም ሰየመው፤ ምድያምን በ300 ሰው በሌሊት በቀንደ መለከትና በችቦ ያሸበረው ጌዴዎን። ስሙ ለሥራው ልክ ነበር። ዊንጌት በሰጠው ቁጥር 50 መኮንኖች፣ 20 እንግሊዛውያን የበታች ሹማምንት፣ 800 ሱዳናውያንና 800 ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ነበሩ። መድፍ የላቸውም፤ ያላቸው ጥቂት ሞርታር ነው። ከዚህም ላይ የተወሰነው ተከፍሎ ከዳንግላ የለቀቀውን የኮሎኔል ቶሬሊን ጦር ተከትሎ ወደ ባሕር ዳር ሄደ። የቀረው ቡሬ ላይ ናታሌን ገጠመው።

ዊንጌት ምሽጎቹን ፊት ለፊት አልገጠመም። ጦሩን በትንንሹ ከፋፍሎ ሌሊት ከዚህም ከዚያም ያስተኩስ ነበር፤ ጣሊያን ትልቅ ጦር የከበበው እንዲመስለው። የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅና ካርቱም ላይ የሚታተመው «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይበተን ነበር፤ ከጣሊያን ጋር የተሰለፈው የአገር ሰው እንዲከዳ። ናታሌም ተደናገጠ። መንገዱ ሳይዘጋበት ወደ ደብረ ማርቆስ ለመሰብሰብ ወሰነና የካቲት 25 ቡሬን ለቀቀ። ዐድዋ 45ኛ ዓመቱን የያዘው ከሁለት ቀን በፊት ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የአጥቂው ዝና ነው፤ ይገባዋልም። ጥቂት ሰው ብዙ ሺህ ጦርን ከግንቡ አስወጣ። ግን እናስተውል፦ ናታሌ የፈራው 1,600 ሰው አይደለም። የፈራው የማያውቀውን ጨለማ ነው። ያንን ጨለማ አምስት ዓመት ሙሉ የሠሩለት አርበኞች ናቸው። ከየጫካው ሊተኮስ እንደሚችል፣ መንገድ ሊቆረጥ እንደሚችል፣ ወዳጅ የመሰለው ሊከዳ እንደሚችል ያስተማሩት እነሱ ናቸው። ዊንጌት ነፋ፤ መለከቱን ያቀበለው ግን ገበሬው ነው።

*የቻራካ ማለዳ*

ጠላትን ከግንቡ ማስወጣት አንድ ነገር ነው፤ ከወጣ በኋላ መያዝ ሌላ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ፣ በሜጀር ቦይል አዛዥነት፣ ማንኩሳ ላይ ቆይቶ ወደፊት አልፎ በደምበጫ መንገድ ላይ እንዲቀመጥ ተደርጎ ነበር። በካርታ ላይ ሲታይ ሐሳቡ ያማረ ነው፦ ከፊት ሻለቃው፣ ከኋላ የሱዳኑ ድንበር ጠባቂ ጦር፣ መካከል ላይ ናታሌ።

መሬት ላይ ሲታይ ግን የሚጨመቀው ከጨማቂዎቹ ብዙ እጥፍ ነው። ሻለቃው የሰፈረበት ቦታም ለመከላከል የሚመች አልነበረም። ከኋላው የጠላት ምሽግ አለ፤ ከፊቱ በማለዳ የጠላት ጦር ሁሉ ደረሰ። የናታሌ ጦር በፊት ለፊትና በሁለት ጎን ተዘርግቶ ገባ። ሻለቃው ለሰዓታት ተዋጋ። ከዚያ መስመሩ ተሰበረ፤ አምዱ በላዩ ላይ አልፎ ደምበጫ ገባ። ሻለቃው ሰው ገደለ፤ ብዙ ሰውም አጣ፤ የጭነት ከብቱንና ጓዙን አጣ። ከኋላ የሚከታተለው ጦር አምዱን ከሻለቃው ጋር ሊያጣብቀው አልቻለም።

አሁን ዳኝነቱን እንስጥ። ሻለቃው ተሸነፈ? ሥራው መንገዱን መዝጋት ከነበረ፣ አዎ፤ መንገዱ ተከፈተ። የአምስቱን የኳስ ሜዳ ሰዎች ዕጣ እዚህ አየሁት። የቆመበት ሰዓት አይቆጠርም፤ የተሰበረበት ደቂቃ ይቆጠራል። ናታሌ የሰበረውን ሁሉም ያያል። ናታሌ ከዚያ በኋላ ያላደረገውን ማን ያያል? ደምበጫ ምሽግ ነበረች፤ ገብቶባት ነበር፤ ተመልሶ ሊቆምባት ይችል ነበር። አልቆመም። በሁለት ቀን ውስጥ ደምበጫንም ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞውን ቀጠለ። ደምበጫ በጣሊያን ላይ አንድ የምሽግ ከበባ ሳይደረግባት ነጻ ወጣች።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ልደብቅ አልፈልግም። «ናታሌ ከመጀመሪያውም ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄደ ነበር፤ ቻራካ ላይ ባይተኮስበትም ደምበጫን ይለቅ ነበር» የሚል ሰው ሞኝ አይደለም። ከዚያም አልፎ፣ ያመለጠው ጦር ደብረ ማርቆስ ገብቶ ከነበረው ጋር ተጨመረ፤ ከከተማዋ ውጭ በጉሊት ኮረብቶች ላይ ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ደም የፈሰሰው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እኔም የሚቆመውን ሰው ለማክበር ስል ውድቀቱን ድል ብዬ አልጠራውም። የምለው ይህን ነው፦ ጥቂት መቶ ሰው ብዙ ሺህ ሰው በሚያልፍበት ደጅ ላይ ያቆመ ውሳኔ የአዛዦች ነው። የሰዓታቱ ጽናት ግን የቆሙት ሰዎች ነው። ሁለቱን ካልለየን፣ በአዛዡ ስሕተት ወታደሩን እንከስሳለን፤ በወታደሩ ደም አዛዡን እንሸልማለን። በታሪክ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

*እነማን ነበሩ?*

ስለ ሁለተኛው ሻለቃ አንድ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። እነዚህ ወታደሮች ከጎጃም የተመለመሉ አልነበሩም። በደቡብ ግንባር ጦሩ ሲፈታ ወደ ኬንያ የተሰደዱና በስደተኛ ካምፕ ዓመታት ያሳለፉ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከዚያ ተመልምለው፣ ሠልጥነው፣ በሱዳን በኩል ዞረው፣ በረሃውን አቋርጠው ነው ጎጃም የገቡት። የደምበጫን ደጅ ለመያዝ የወደቀው ሰው ደምበጫን ከዚያ በፊት ዐይቷት አያውቅም ይሆናል።

ከማዶው ያለው ነገር ደግሞ ይበልጥ ያማል። የናታሌ ጦር ሲባል ጣሊያን ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። አዛዦቹ ጣሊያኖች ነበሩ፤ አብዛኛው ተኳሽ ግን በጣሊያን ባንዲራ ሥር የተሰለፈ አስካሪና ባንዳ፣ የኤርትራና የኢትዮጵያ ሰው ነበር። ቻራካ ላይ ከሁለቱም ወገን የወደቀው ሬሳ በአብዛኛው መልኩ አንድ ነው። አጥቂ ማን፣ ተከላካይ ማን ብለን ስንከራከር በሁለቱም መስመር ላይ የተሰለፈው የአንድ አካባቢ እናት ልጅ ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም። ይህን ለ1933 ብቻ አልጻፍኩትም።

*ያልተዘጋው በር*

የመቆም ዋጋ ከቻራካ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ሰው ባልቆመበት ቦታ ነው። መጋቢት 25 እና 26 የጣሊያን ጦር ደብረ ማርቆስን ለቀቀ፤ አዛዡ በናታሌ የተተካው ኮሎኔል ማራቬንታኖ ነበር። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ገቡ። ከቤተሰብና ከሲቪል ጋር ከ10,000 በላይ ሰው ይዞ የወጣው የማራቬንታኖ ጦር ዓባይን መሻገር ነበረበት፤ መሻገሪያውም ሳፋርታክ ነው። ዓባይ በረሃን የሚያውቅ ሰው ያ ቦታ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጥቂት ሰው ብዙ ጦር ሊያቆምበት የሚችል ቦታ ካለ ያ ነው።

በዚያ አካባቢ ያለው ትልቁ ኃይል የበላይ ዘለቀ ነበር። ጦሩ ግን ሳይዘጋ ቀረ፤ ማራቬንታኖ ተሻገረ፤ ድልድዩንም ከኋላው አፈረሰ። የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ከራስ ኃይሉ ጋር ያያይዙታል፤ ጣሊያኖች ወደ ደብረ ማርቆስ መልሰዋቸው የነበሩት ራስ ኃይሉ በላይን በጋብቻ ቃል አለዘቡት ይላሉ። ጎጃም ላይ ይህን ያለ ሰው ክርክር ይጠብቀዋል፤ የበላይ ስም በሕዝቡ ዘንድ ያለውን ቦታ አውቃለሁ። አምስት ዓመት በጫካ ጣሊያንን እንቅልፍ የነሣ ሰው ነው። በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለበት አሟሟት ደግሞ ስሙን በሐዘን አጥሮታል። እዚህ የምፈልገው በላይን ለመክሰስ አይደለም። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ የሆነው ነገር ግልጽ ነው፦ ያ በር ሳይዘጋ ስለቀረ ማራቬንታኖን ለማሳደድ እስከ ግንቦት አጋማሽ ጊዜ ፈጀ። ጦሩ እጁን የሰጠው ግንቦት 15 ቀን 1933 አጊበር ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡ 18 ቀን አልፎ ነበር።

እንግዲህ ሁለቱን እናስተያይ። ቻራካ ላይ ኃይል ሳይኖር ቆሙ። ሳፋርታክ ላይ ኃይል እያለ አልተቆመም። የመጀመሪያው ሰዓታት ገዛ፤ ሁለተኛው ሳምንታት አስከፈለ።

*ዋጋው*

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ማን ይበልጣል?

ከደምበጫ ታሪክ እኔ የማገኘው መልስ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛ፣ አጥቂነትና ተከላካይነት የሰው ባሕርይ ሳይሆኑ የሰዓት ጉዳይ ናቸው። ጌዴዎን ብሎ የገባው ጦር በአንድ ማለዳ ዘበኛ ሆነ፤ ምሽግ የተቀመጠው በአንድ ማለዳ ሰባሪ ሆነ። «እኔ ለማጥቃት ነው የተፈጠርኩት» የሚል ሰው ወይም ድርጅት ደጁን የሚይዝበት ቀን ሲመጣ ባዶ እጁን ይገኛል።

ሁለተኛ፣ የሚከላከል ሰው ዋጋ ያስመለሰው መሬት ብቻ አይደለም፤ ለሌላው የገዛው ጊዜ ነው። አርበኛው አምስት ዓመት ገዛ። ያንን ጊዜ ተጠቅሞ የገባው ጦር በጥቂት ወር ጨረሰው። ስለዚህ 1933ን የምንናገርበት አነጋገር ትክክል አይደለም። «እንግሊዝ ነጻ አወጣን» የሚለውም፣ «ማንም አልረዳንም» የሚለውም አንዱን መስመር ከሜዳው ያስወጣል። አጥቂው ያለ ጠባቂው ደምበጫ አይደርስም ነበር፤ ጠባቂው ያለ አጥቂው በ1933 ከጫካ አይወጣም ነበር።

ሦስተኛ፣ መከላከል ብቻውን ክብር አይደለም። ጣሊያንም ተከላክሏል። ግንቡ፣ መድፉና ስንቁ ነበረው፤ የሚጠብቀው ነገር ግን የእሱ አልነበረም። ሰው የራሱን ደጅ ሲጠብቅና የሰው ደጅ ይዞ ሲጠብቅ ጽናቱ አንድ አይሆንም። አባቶች ደጃዝማቹን ከባላምባራሱ በላይ ያስቀመጡት ይህን አይተው ይመስለኛል፤ ከግንቡ ይልቅ ከግንቡ በስተጀርባ ያለው ነገር ነው የሚመዘነው።

ስለ መታሰቢያ አንድ ቃል ልጨምር። ዊንጌት አዲስ አበባ ላይ በስሙ ትምህርት ቤት አለው፤ ይገባዋል፤ ለዚህች አገር ሠርቷል። ሚያዝያ 27 የአርበኞች የድል ቀን ነው፤ እናከብረዋለን። የካቲት 27ን ግን በዚያ መንገድ የሚያልፈው ስንቱ ያውቃታል? ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በጂጋ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚገባው መንገድ ያው ነው። በመስኮት በቆሎና ጤፍ እያየን፣ ደምበጫ ላይ ቡና ጠጥተን እናልፋለን። ፍኖተ ሰላም ስሟን ያገኘችው በዚያ ዘመቻ ንጉሠ ነገሥቱ ሲያልፉ ነው ብለው የሚተርኩ የአገሬው ሰዎች አሉ። «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ያ መንገድ ሰላም ከመባሉ በፊት ጥቂት ወደ ምሥራቅ ወረድ ብሎ፣ ከኬንያ ስደት የመጡ ሰዎች በማያውቁት ወንዝ አጠገብ ቆመውበት ነበር።

ደምበጫና አካባቢው ያላችሁ፣ በተለይ ታሪክ የምታስተምሩ መምህራን፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሽማግሌዎች ሳያልቁ፣ የዚያን ወንዝ ነገር ከአባቶቻቸው የሰሙ ካሉ ጠይቋቸው። የት ተቀበሩ? ማን ቀበራቸው? ከማዶው የወደቁትስ? አጥቂውን መዝገብ ጠብቆታል፤ የቆመውን የሚጠብቀው የአገሬው ሰው ትዝታ ብቻ ነው። እሱም ካልተጻፈ አንድ ቀን እንደ ቻራካው መስመር ይሰበራል።

ቸር እንሰንብት።